እምቢ ያለ ክዳን፦ በገላፊ መንገድ የከፍታና የሙቀት ለውጥ በታሸገ ጠርሙስ ላይ

መነሻ

ማርማላታ፣ የቲማቲም ስጎ ወይም የሕፃናት ምግብ የያዘ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አልከፈት ሲል በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድ ተመሳሳይ ነው፤ የከፋቹ እጅ ደክሟል ይባላል። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጎረምሳ ይጠራል፤ እርሱም ካቃተው ቢላዋ ይመጣል። የቢላዋው ጫፍ አዳልጦ መዳፍ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ጠርሙሱ የት ቦታ ታሽጎ የት ቦታ እንደሚከፈት ግን የሚጠይቅ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ጥያቄው መነሣት ያለበት ከዚያ መሆኑን ማሳየት ነው። የክዳኑ እምቢታ ትልቅ ክፍል ከእጁ ጉልበት ሳይሆን ጠርሙሱ ከተጓዘበት መንገድ የሚመጣ ነውና።

ለዚህ ጥያቄ ከገላፊ መንገድ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ገላፊ አፋር ክልል ከጅቡቲ በሚዋሰንበት ድንበር ላይ ያለች መተላለፊያ ናት። ከጅቡቲ ወደብ የተጫነው የገቢ ዕቃ ከፍተኛ ክፍል በከባድ መኪና በእርሷ በኩል ገብቶ፣ ሰመራንና ሎጊያን፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ ወደ ደጋው ይወጣል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚመረተው ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ቆላው ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን አዋሽ ከተማ ወደ 1,000 ሜትር ትጠጋለች፤ ሰመራ ደግሞ ከ400 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። ስለዚህ በገላፊ ወይም በሰመራ በአንዲት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከባሕር ጠረፍ ወደ ላይ የወጣ ጠርሙስና ከደጋ ወደ ታች የወረደ ጠርሙስ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። መልካቸው አንድ ቢሆንም ክዳኖቻቸው የተያዙበት ኃይል አንድ አይደለም።

ክዳኑን የሚይዘው ምንድን ነው?

ምግብ በመስታወት ዕቃ አሽጎ ማቆየት የቆየ ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ዘዴውን በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1810 ሲሆን፣ ጠርሙሶቹን ይደፍን የነበረው በቡሽ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ላንዲስ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1858 የባለ ጥምዝ አንገት ጠርሙስ ባለ መብት ሆነ። ዛሬ በሱቅ የሚታየው የብረት ክዳን የዚያ ልጅ ነው፤ ከጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፉ አጫጭር ጥርሶች የጠርሙሱን አንገት ጥምዝ ይነክሳሉ፣ በውስጠኛው ዙሪያ ደግሞ ባለ ሙያዎች ጎሚኒ የሚሉት ለስላሳ ማሸጊያ በመስታወቱ ከንፈር ላይ ይተኛል።

ጥርሶቹ ክዳኑን በቦታው ያስቀምጡታል እንጂ አጥብቆ የሚይዘው ሌላ ነው። ምግቡ በትኩሱ፣ ለምሳሌ በ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞላ፣ ከምግቡ በላይ ያለው ባዶ ቦታ በእንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎቱም አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። ከተዘጋ በኋላ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ይመለሳል፤ ምግቡም ይኮማተራል። ባዶው ቦታ በግፊት ይጎድላል። ከዚያ በኋላ ክዳኑን የሚጫነው የውጪው አየር ነው።

የአየር ክብደት ከከፍታ ጋር የሚለዋወጥ መሆኑ የታወቀው በፈረንሳይ ተራራ ላይ ነው። ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎራን ፔሪየን ለምኖ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ባሮሜትር ይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ እንዲወጣ አደረገው። ወደ 1,000 ሜትር ያህል ሲወጣ የሜርኩሪው ቁመት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ። ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ ያለው ቁልቁለት የዚያን ተራራ እጥፍ ያህላል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ወደ 76፣ የሰመራ ወደ 96፣ የባሕር ጠረፉ ደግሞ 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ከአዲስ አበባ ሰመራ ሲደረስ የሚጨመረው 20 ኪሎ ፓስካል በሜርኩሪ ሲለካ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መለኪያው በስሙ የተሰየመለት ሰው በዚህ ልኬት ደስ ይለው ነበር።

ቁልቁለቱ ሲሰላ

ማሸጊያው የሚተኛበት ክብ ዲያሜትር 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠርሙስ ይወሰድ። የክቡ ስፋት 38.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ጠርሙሱ አዲስ አበባ ላይ ታሽጎ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የውስጡ ግፊት 35 ኪሎ ፓስካል ሆነ እንበል። የውጪውና የውስጡ ልዩነት 41 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ክዳኑን የሚጫነው ኃይል ወደ 158 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም 16 ኪሎ ግራም ክዳኑ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። ያው ጠርሙስ ሙቀቱ ሳይለወጥ ሰመራ ቢደርስ ልዩነቱ 61 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ኃይሉም ወደ 235 ኒውተን ወይም ወደ 24 ኪሎ ግራም ያድጋል። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያጠብቀው፣ በጉዞ ብቻ 8 ኪሎ ግራም ያህል ተጨምሮበታል።

ይህ ቁመታዊ ጫና ወደ ጠምዛዥ ኃይል የሚለወጠው በሰበቃ አማካይነት ነው። በማሸጊያውና በመስታወቱ መካከል ያለው የሰበቃ ቁጥር 0.4 ቢሆን፣ ከግፊቱ ብቻ የሚመጣው ተቃውሞ አዲስ አበባ ላይ ወደ 2.2፣ ሰመራ ላይ ወደ 3.3 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ግራም ክብደት በ11 ሴንቲ ሜትር ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያሳድረው ጥምዘዛ ጋር የሚስተካከል ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ይህ ትንሽ ነው። የእጅ አንጓቸው በቁርጥማት ለተያዘ እናት ግን መክፈትና አለመክፈትን ይለያል። አየሩ ክዳኑን ወደ ታች ሲጫን ጥርሶቹ ላይ ያለው ውጥረት ጥቂት ስለሚላላ፣ የተሰጡት ቁጥሮች የጭማሪው የላይኛ ወሰን ተደርገው ቢወሰዱ ይሻላል።

የክዳኑ ስፋትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኃይሉ ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር፣ ጠምዛዥ ተቃውሞው ደግሞ ከኪዩቡ ጋር ያድጋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ግፊት 70 ሚሊ ሜትር የሆነው ክዳን 48 ሚሊ ሜትር ከሆነው ከሦስት እጥፍ በላይ ይቃወማል፤ ትንሽ መዳፍ ሰፊውን ክዳን አቅፎ መያዝ አለመቻሉ ሲጨመርበት ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

የታሸገበት ቦታ ከፍታ ሌላም ውጤት አለው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ85 ዲግሪ የውኃ እንፋሎት ግፊት 58 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ ከጠቅላላው 101 ኪሎ ፓስካል ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን ቀሪው 43 አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን እንፋሎቱ ከ76ቱ 58ቱን ይይዛል፤ ለአየር የሚቀረው 18 ብቻ ነው። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፤ አየሩ ግን ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ በአንድ ዓይነት አሞላል ከተዘጉት ሁለት ጠርሙሶች ደጋ ላይ የተዘጋው በውስጡ የያዘው አየር የቆላውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቆላ ሲወርድ የሚጠብቀውም በሁለት ምክንያት ነው ማለት ነው፤ የውጪው አየር ይከብዳል፣ የውስጡ ደግሞ ከመነሻው የሳሳ ነበር።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዘው ዕድለኛ ነው። በባሕር ጠረፍ ታሽጎ በገላፊ የገባ ጠርሙስ አዲስ አበባ ሲደርስ ከላዩ 25 ኪሎ ፓስካል ይነሣለታል፤ በተጠቀሰው ስፋት ይህ ወደ 96 ኒውተን ነው። የውጭ አገር ማርማላታ በቀላሉ ይከፈታል፣ የአገር ውስጡ ግን አስቸጋሪ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ከፋብሪካው ጥራት በፊት ጂኦግራፊውን ቢመረምር ይበጃል።

ሙቀቱ የሚመልሰው፣ ማቀዝቀዣው የሚወስደው

እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ሙቀትን ቸል ብሏል። አፋር ላይ ሆኖ ሙቀትን ቸል ማለት ግን አይቻልም። በሰኔ ወር የሰመራ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጠርሙሱ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ ሦስት ነገሮች ይከናወናሉ። አየሩ ራሱ ይለጠጣል፤ የእንፋሎቱ ግፊት ከ2.3 ወደ 7.4 ኪሎ ፓስካል ይወጣል፤ ምግቡም እንደ ውኃ ቢቆጠር በ0.6 በመቶ ይሰፋል። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል። ባዶው ቦታ ከጠርሙሱ 6 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ይህች ትንሽ መስፋት ባዶውን ቦታ በአንድ ዐሥረኛ ታጠብበዋለች። ሦስቱ ሲደመሩ የውስጡ ግፊት ከ35 ወደ 46 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይደርሳል። ቁልቁለቱ ከጨመረው 20 ውስጥ ሙቀቱ 11 ያህሉን መለሰ ማለት ነው። የቀረው ልዩነት 50 ኪሎ ፓስካል፣ ኃይሉም ወደ 190 ኒውተን ይሆናል፤ አሁንም ከአዲስ አበባው ይበልጣል፣ ግን እንደ ተፈራው አይደለም።

ሁሉን የሚያበላሸው ማቀዝቀዣው ነው። በሞቃት አገር የተገዛ ምግብ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ፍሪጅ ይገባል፤ ልማዱ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ያልተከፈተ ጠርሙስ በ5 ዲግሪ ሲቀመጥ አየሩ ይኮማተራል፣ እንፋሎቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ምግቡም ያንሳል፤ የውስጡ ግፊት ወደ 31 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የሰመራ ከባድ አየር ግን እንዳለ ነው። ልዩነቱ 65 ኪሎ ፓስካል፣ ኃይሉም 250 ኒውተን ሆኖ ከመደርደሪያው በሦስት ዐሥረኛ ገደማ ይበልጣል። ማሸጊያውም በቅዝቃዜ ይደርቃል። ቁልቁለቱን፣ ቅዝቃዜውንና የደረቀውን ማሸጊያ አንድ ላይ የሚያጋጥም ሰው ክዳኑ ተበይዷል ቢል አይፈረድበትም። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ምክር አጭር ነው፤ በቆላ ከተሞች የታሸገ ጠርሙስ በመደርደሪያው ሙቀት እንዳለ ተከፍቶ ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝ ይሻላል።

የወጥ ቤት ዘዴዎች ሲመዘኑ

በየቤቱ ከሚታወቁት ዘዴዎች የሞቀ ውኃው በተሳሳተ ምክንያት የሚመሰገን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ብረት ከመስታወት ይበልጥ ስለሚለጠጥ ክዳኑ ይሰፋል የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን አያወላዳም። የ70 ሚሊ ሜትር የብረት ክዳን ከመስታወቱ ተለይቶ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ የሚሰፋው በ0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንዲት የጠጉር ዘለላ ውፍረት ያንሳል። ከሰሚ ፀሐይ በታች ካለ የጣሪያ በርሜል የሚቀዳ ውኃ ደግሞ ከክዳኑ ሙቀት ብዙም ስለማይለይ ይህንንም ያህል አይሰጥም። የሞቀ ውኃ ዋና ሥራው ሌላ ነው። ጠርሙሱ 60 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ምግቡ ራሱ እስኪሞቅ ቢቆይ፣ በላይኛው ስሌት ልዩነቱ ከ50 ወደ 27 ኪሎ ፓስካል፣ ኃይሉም ወደ 105 ኒውተን ይወርዳል። ማሸጊያውም ይለሰልሳል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ በክዳኑ ላይ ለአፍታ የሚፈስ ውኃ ይህን አያደርግም። አንድ አደጋ ግን አለ። ለምግብ ማሸጊያ የሚሠራ ተራ መስታወት ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን የሚችለው እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ነው። ከፍሪጅ በ5 ዲግሪ ወጥቶ 60 ዲግሪ ውኃ ውስጥ የሚገባ ጠርሙስ 55 ዲግሪ ይዘላል፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ግፊቱን ማስተካከል ሳይሆን ማጥፋት ነው። የማንኪያ እጀታ ወይም ሌላ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ብረት በክዳኑ ጠርዝና በመስታወቱ መካከል ገብቶ ክዳኑን በጥቂቱ ወደ ውጭ ቢስበው አየር ይገባል፤ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። በዚያች ቅጽበት 190 ይሁን 250 ኒውተን፣ የአየሩ ጫና በሙሉ ዜሮ ይሆናል። የሚቀረው የጥርሶቹ ሰበቃ ብቻ ነው። ክዳኑ ጥቂት ስለሚጣመም ዳግም ለማሸግ አይሆንም፤ ጠርሙሱ በኋላ በርበሬ ወይም ሽሮ ለማስቀመጥ ከሆነ ግን ይህ ጉዳት አይደለም። ሹል ቢላዋ ለዚህ ሥራ አይፈለግም። ጉልበት ስለት ላይ ሲያርፍ መዳፍ ይቆረጣልና።

የመያዣው ነገር ከዚህ ተለይቶ ይታያል። በላበ እጅ የሚያዝ ክዳን እጁ ያለውን ጉልበት እንኳ አይቀበልም፤ ቆዳው በብረቱ ላይ ይንሸራተታል። ደረቅ ጎማ የሰበቃ ቁጥሩ ከቆዳ እጅግ ስለሚበልጥ ጓንት ወይም ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ክዳኑ ላይ ቢጠመጠም ያለው ጉልበት ሁሉ ወደ ጥምዘዛ ይሄዳል። ከባድ መኪና በማይታጣበት መንገድ ዳር ጎሚስታ የሚጥለው ቁራጭ ከሱቅ ከሚገዛ መክፈቻ የሚያንስ አይደለም። የጠርሙሱን ቂጥ በመዳፍ መምታት ፈሳሽ ነገር ላይ ይሠራል፤ የፈሳሹ ምት ማሸጊያውን ለቅጽበት ይለያያል። በረጋ ማርማላታ ላይ ግን ከእጅ ሕመም በቀር ትርፍ የለውም።

ሁሉም እምቢ ያለ ክዳን በአየር የተያዘ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ማር አብዛኛውን ጊዜ በትኩሱ አይታሸግም፤ ክዳኑን የሚያጣብቀው በአንገቱ ጥምዝ ላይ የፈሰሰው ማር ነው። በአፋር ሙቀት ማሩ ቀጥኖ በቀላሉ ይፈሳል፤ ደረቁ ንፋስ ደግሞ ውኃውን መጥጦ ስኳሩን እንደ ሙጫ ያስቀረዋል። እዚህ ላይ ማንኪያ ምንም አይጠቅምም፤ በሙቅ ውኃ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠመጠምበት ስኳሩ ይሟሟል። አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋ ጠርሙስ እምቢ ሲልም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው፤ የተከፈተ ጠርሙስ የፋብሪካውን የተጓደለ ግፊት አይመልስምና።

ክዳኑ ምልክት ሲሆን

የብዙ ክዳኖች መካከል ወደ ውስጥ የገባ ክብ አዝራር አለው። ውስጡ በግፊት እስከ ጎደለ ድረስ አዝራሩ እንደ ገባ ይቆያል፤ ወደ ላይ ከተነሣ ጠርሙሱ አየር አስገብቷል ወይም በውስጡ ጋዝ ተፈጥሯል ተብሎ ይታመናል። በብዙ አገሮች ይህ ትክክለኛ ምልክት ነው። አዝራሩ የሚለካው ግን የውስጡን ግፊት ሳይሆን የውስጡንና የውጪውን ልዩነት ነው፤ በገላፊ መንገድ ላይ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ በአንድ ቀን ጉዞ በ20 ኪሎ ፓስካል ይለወጣል።

ወደ ላይ ሲወጣ ስሕተቱ ጉዳት የለውም፤ ኪሳራ እንጂ። በባሕር ጠረፍ በ30 ኪሎ ፓስካል ልዩነት ብቻ የታሸገ ጠርሙስ አዲስ አበባ ላይ 5 ብቻ ይቀረዋል። አዝራሩ ሊነሣ ይችላል፤ ምግቡ ግን ደኅና ነው። ነጋዴው ይጥለዋል ወይም ገዢው ይመልሰዋል።

ወደ ታች ሲወርድ ያለው ስሕተት ግን አሳሳቢ ነው። በአግባቡ ሳይበስል የታሸገ ምግብ ጋዝ መፍጠር ጀምሮ የውስጡ ግፊት 80 ኪሎ ፓስካል ደረሰ እንበል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ከውጪው 76 ይበልጣል፤ አዝራሩ ይነሣል፣ ክዳኑም ያብጣል፣ ገዢውም ያውቃል። ሰመራ ላይ ያው ጠርሙስ ከውጪው አየር በ16 ኪሎ ፓስካል ያንሳል፤ አዝራሩ እንደ ገባ ሊቆይ ይችላል፣ ክዳኑም ሲከፈት ጥቂት እምቢ ይላል። እምቢታው ራሱ የደኅንነት ማረጋገጫ ሆኖ ይነበባል። ለማርማላታና ለመሰል ኮምጣጣ ምግቦች አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ አሲዳቸው አደገኛውን የቦቱሊዝም ባክቴሪያ አያሳድግም። በቤት ውስጥ ለታሸገ አትክልት፣ ለሥጋ ወጥ ወይም በዘይት ለተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ግን ነገሩ ይለያል። የዚያ ባክቴሪያ ዘር ውኃ በአዲስ አበባ በሚፈላበት 92 ዲግሪ ገደማ ቀርቶ በባሕር ጠረፉ 100 ዲግሪም አይሞትም፤ ወደ 121 ዲግሪ የሚያደርስ የግፊት ድስት ይፈልጋል። ደጋ ላይ በተራ ድስት ተቀቅሎ ታሽጎ ለዘመድ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ገላፊ የተላከ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ የጥብቀቱ ምክንያት ቁልቁለቱ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ሲከፈት ነው፤ አየር ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከውስጥ ፉት ብሎ የሚወጣ፣ አረፋ የሚያሳይ ወይም ሽታው የተለወጠ ከሆነ ሳይቀመስ ይጣላል። ኮምጣጣ ላልሆነውና በግፊት ድስት ላልተዘጋጀው ደግሞ እነዚህ ምልክቶች አለመታየታቸውም አይበቃም፤ መርዙ ያለ ሽታና ያለ አረፋ ሊገኝ ስለሚችል እንዲህ ያለው ምግብ ከመጀመሪያው ባይታሸግ፣ ባይላክም ይመረጣል።